ትከሻ የማያውቀው ጭፈራ

ሮም፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ
ሰኞ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው፣ በሕግ ገና ባለቤቴ ለሆንሽው ለየሺወርቅ፤

ቦሎኛ ተመችቶሻል አሉኝ፤ ደስ አለኝ፣ በመጠኑ። እኔ ደህና ነኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ ታድሷል፣ ጉልበቴ አልታደሰም።

የምጽፍልሽ የሰፈራችንን ውድቀት ላስታውቅሽ ነው። የጽገወይኒ ባር ታንጎ የሚሉት የአርጀንቲና ጭፈራ ገብቶበታል። ተኽለብርሃን፣ ያ አሳንሰር ጠጋኙ፣ አሳንሰር በሚጠግንበት ሕንፃ የሞቱ ሽማግሌ ወራሾች ሊጥሉት የነበረ አሮጌ ሸክላ ከነማጫወቻው አምጥቶ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያስጨፍራል። "ማኤስትሮ፣ መምህር፣ በሉኝ" ይላል። አንዱ እግሩ የሌላውን ፈቃድ ሳይጠይቅ አይነሳም፣ እሱ ማኤስትሮ።

ዘፈኑ ስለ ሰፈር መጠጥ ቤት ነው አሉ። አንድ ሰውዬ ጥግ ይዞ ይቀመጥና፣ ከፊቱ ያለውን ባዶ ወንበር ማንም እንዳይወስድበት የመጠጥ ቤቷን ባለቤት ይለምናል። ለዚህ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ማልቀስ። ጽገወይኒን "እንዲህ ያለ ደንበኛ ቢገጥምሽ አስወጪው" አልኳት። ከፊቴ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩትን ካፖርት አየት አድርጋ፣ ጠረጴዛዬን ወልውላ ሄደች።

ሁዳዴ ሲገባ ይገላግለናል ብዬ ነበር። "በጾም ጭፈራ?" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

"ጋሽ ጥበቡ" አለኝ ተኽለብርሃን፣ "ጭፈራ ማለት ትከሻ ነው። እስቲ የማን ትከሻ ተነቃነቀ?"

አየን። እውነትም የማንም አልተነቃነቀም፤ ሬሳ የተሸከሙ ነው የሚመስሉት።

"እንግዲህ ይሄ መራመድ ነው። መራመድን የከለከለ ቄስ አምጣ።"

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። "በመካከላችሁ ሴት አለች?" አሉኝ። የለችም አልኳቸው። "ታዲያ እርስ በርስ ብትራመዱ ምን ቸገረህ" አሉ።

ጉዱም ይኸው ነው፣ የምትጨፍር ሴት የለችም። ጎረቤታችን ሲኒት አንዴ መጥታ፣ ተኽለብርሃን አውራ ጣቷን ቢረግጣት "ባስታ፣ በቃኝ" ብላ ቀረች። ስለዚህ ወንዶቹ በየተራ ሴት ይሆናሉ፤ ስምንት ጢማሞች፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። እኔ የተነሳሁት ለመተቸት ያህል ነበር። ወንዱ ወደ ፊት፣ ሴቷ ወደ ኋላ ትሄዳለች ተባለ። የወንድ ቦታ ሞልቷል ተባልኩ።

አንቺ ታውቂኛለሽ። ሥራ አግኝተሽ "ቦሎኛ አብረን እንሂድ" ስትይኝ፣ "ጥበቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አይልም" ብዬ በር ላይ የተገተርኩ ሰው ነኝ። ሻንጣሽን በጎኔ አሳልፈሽ ሄድሽ።

ያ ሰው አሁን ከባንኮኒው እስከ መስኮቱ አስራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። መሄዱስ ቀላል ነው፤ ከባዱ የሚመራሽን ሰው ማመን ነው፣ በተለይ አሳንሰር ጠጋኝ ሲሆን። መጀመሪያ ሰሞን ጠረጴዛ ይዤ ወድቄያለሁ። አሁን አልወድቅም። ይህን የምነግርሽ ንቀቴ በዕውቀት ላይ የቆመ መሆኑን እንድትረጂ ብቻ ነው።

ለዳግማ ትንሣኤ ለእህትሽ ልጅ ክርስትና እንደምትመጪ እህትሽ ነገረችኝ። ቀኑ እሑድ ነው፣ ባሩ ክፍት ነው። ጾሙም ያኔ ስለሚፈታ ትከሻ ቢነቃነቅ የሚከሰስ የለም። ግቢ አልልሽም፤ ባትገቢም ያ የዘፈኑ ሰውዬ ማልቀሱን አይተውም። ብትገቢ ግን ችግሬን ቀድመሽ እወቂው፤ የወንዱን እርምጃ ማንም አላስተማረኝም። የማውቀው ወደ ኋላውን ብቻ ነው። መምራቱ ያንቺ ነው።

ቅዱስ እስጢፋኖስ መንገድሽን ይጠብቅ፤ አውራ ጣትሽንም ከተኽለብርሃን ጫማ ይሰውርልሽ።

ጥበቡ

ማሳሰቢያ፦ የዚያን እሑድ ካፖርቴን ከወንበሩ ላይ አነሳዋለሁ።