በጸሎት ያዢልኝ

እሑድ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 2014፤ አርደን፣ ቤልጅየም

ከትናንት ጀምሮ የጣለው በረዶ መንገዱን ዘግቶታል። ባይዘጋው ኖሮ ይሄኔ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ፣ ላክ ሰፈር፣ ቤቴ ገብቼ ነበር።

እህቴ አልማዝና ባሏ ተስፋዬ ክረምት በመጣ ቁጥር ይህን የእንጨት ቤት ይከራያሉ። ዘንድሮ እኔንም ይዘውኝ መጡ። ባለቤትሽስ ሲሉኝ፣ ዳዊት ፈረቃ አለበት አልኩ። ጥሎኝ መውጣቱን የምታውቀው አልማዝ ብቻ ነበረች። «በጸሎት ያዢልኝ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ብዬ ነበር የነገርኳት።

ዛሬ ምሳ ቀርቦ፣ ተስፋዬ ማዕዱን ሊባርክ ዓይኑን ጨፈነ። ስለ ምግቡ አመሰገነ፤ ስለ በረዶውም አመሰገነ። ከዚያ፣ «ጌታ ሆይ፣ ዳዊትን ወደ ሚስቱ መልሰው» አለ። የተስፋዬ እናት እማማ ለተብርሃን ከልባቸው «አሜን!» አሉ። እኔም አፌ ለምዶበት አሜን አልኩ። የአልማዝ ልጅ ደግሞ ዓይኗን ገልጣ፣ «ዳዊት ትቶሽ ሄደ እንዴ?» አለችኝ። ማንም ዝም በይ አላላትም።

ዕቃ ስናጥብ አልማዝን ጠየቅኳት። «ለጸሎት ብዬ እኮ ነው የነገርኩት፤ አንቺ ሐሜት አስመሰልሽው» ብላ እሷው ተቆጣች። ለጸሎት! የምትኖርበት ካፔለ ያሉት የጸሎት ጓደኞቿም ሰምተዋል ማለት ነው።

ነገ ማዕዱን የምባርከው እኔ ነኝ ተብሏል። አልማዝም ለእኔ ብቻ፣ በጸሎት ያዢልኝ ብላ የነገረችኝ ነገር አለ። እስከ ዛሬ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ተስፋዬ የሚቀመጠው ፊት ለፊቴ ነው።