በገዛ እጄ የሰፋሁት ኪስ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ የሞተር ጥገና ያጎበጠው ወገብህስ ተሻለው? ባለቤትህስ? ትንሿ ልጃችሁ ጥርስ አበቀለች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? እኛ ደህና ነን፤ ለትምህርት እኔ ዘንድ የተውካቸው መንታዎችህም ከነጩኸታቸው ደህና ናቸው። ተቀመጥና አንብብ፤ መጨረሻው ደስታ ነው፣ መሃሉ ላይ ግን እንዳትጮህብኝ።

«ወንዱን አደራ፣ ጓደኞቹ ሲጋራ ያስለምዱታል» ብለኸኝ የለ? እኔም አደራ በላ አልሆንም ብዬ፣ ልብስ ሰፊ መሆኔ በጀኝና የቀጮን ሱሪዎች ኪስ በሙሉ በመኪና ሰፍቼ ደፈንኩት። መሀረብ እንኳ መያዣ አጣ። ጠዋት ጠዋት «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» እያልኩ እሸኘዋለሁ። ተረቱ ራሱ ጊደር እያለ እኔ ወይፈኑን እጠብቃለሁ!

በዚያው ሰሞን እህቱ ሚጣ «አክስቴ፣ እስክሪብቶ እየጠፋብኝ ነው፤ ቀሚሴ ውስጥ ጠለቅ ያለ ኪስ ስፊልኝ» አለችኝ። ጎበዝ ተማሪ ብዬ በድርብ ክር ሰፋሁላት። አንድ ቀን የቀሚሷን የተተረተረ ጫፍ ልዘመዝምላት ሳነሳው ከኪሱ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ግማሽ ፓኮ ሲጋራ! ክው አልኩ።

ስጠይቃት እያለቀሰች ነገረችኝ። የትምህርት ቤታቸው ወንዶች የሚያጨሱት አጥር ሥር ተኮልኩለው፣ እዩን እዩን እያሉ ነው፤ ያየ ሁሉ ይቆጣቸዋል። ቀጮማ አንዴ ሞክሮ በሳል ሲታነቅ ስለሳቁበት ዞር ብሎም አላየው፤ ኳሱን ያዘ። ሴቶቹ ግን በር ዘግተው ነው። እናቷ የታመመችባት ጓደኛዋ በጭንቀት ጀመረች፤ ሚጣም «ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው» አለችኝ። ሴት ልጅን ማን ይጠረጥራል? እኔ አፍንጫዬን የወንድሟ ጃኬት ላይ ተክዬ ከርሜያለሁ!

አልመታኋትም፤ ራሴንም ገረመኝ። ጓደኛዋንም አስጠርቼ ሁለቱን ከትምህርት መልስ ሱቄ አስገባኋቸው። ቁልፍ ይተክላሉ፣ ደንበኛ ያማሉ፣ ይንከተከታሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሲያምራቸው በሆነው ባልሆነው ይነጫነጩ ነበር፤ አሁን ግን ሳያጨሱ ሦስት ወር አለፋቸው። ትናንት ሚጣ የአራት ፎቅ ደረጃ ሮጣ ቀጮን ቀደመችው! እልልታዬ ጎረቤቱን ሁሉ ከቤት አስወጣው።

ይህን የምነግርህ እሷው ጻፊለት ብላኝ ነው። አባቴ ከትምህርት ቤት ያስወጣኝ ይሆን እያለች ስትጨነቅ ከርማለች። እንዲህ ያለ ነገር አስበህ ከሆነ ከእኔ ጋር ተጣላን ማለት ነው። ይቆጣሻል ስላት ምን አለችኝ መሰለህ? «ይቆጣኝ። ለቀጮ ሁልጊዜ ሦስት ገጽ ምክር ይጽፍለታል፤ ለእኔ ‹ሚጣን ሳሚልኝ› ብቻ ነው። እኔንም ሦስት ገጽ ይቆጣኝ።» ወንድሜ፣ ቁጭ በልና ጻፍላት።

ለባለቤትህ ናፍቆቴን አድርስልኝ፤ ትንሿንም እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ ቀጮ ጉልበትህን ስሟል፤ የሚጣ ጓደኛም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች። ሚጣ ግን ሰላምታዬን የምልከው መልሱን ካየሁ በኋላ ነው ብላ ኮርታለች።

እህትህ
ከስፌት ቤቱ፣ እሁድ፣ ሰኔ 14 ቀን