በሶዳ ስለታጠበው የእህቴ ፊት

ለተከበሩ ቄስ ላንስሎት ፐርፊት፣ የስዋፊልድ ደብር አስተዳዳሪ፤

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የማይደክም፣ ጉልበትዎም እንደ ፋሲካው ዋዜማ የበረታ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔ ጄቤዝ ገርሊንግ፣ ፊደል ያልቆጠርኩ ቦይ ቆፋሪ ሽማግሌ፣ ይህን ቃሌን በፖስታ ቤት ሠራተኛዋ በወይዘሮ ዶርካስ እጅ አስጽፌ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ወይዘሮዋ «አባባ ጄቤዝ፣ ትንሽ ለስለስ ያድርጉት እንጂ» ትለኛለች። ለስላሳው ይኸው ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። ለበዓሉ ብለው እጅጌዎን ሰብስበው፣ መሰላል ላይ ወጥተው፣ በደቡብ በኩል ያለውን ባለቀለም መስኮት በልብስ ሶዳና በወለል ብሩሽ ሲፈትጉ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀዩና ሰማያዊው የመስታወቱ የራሱ ቀለም ስለሆነ ምንም አልሆነም። መስኮቱ ላይ ያለችው የመልአኳ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ግን ከላዩ በቡናማ ቀለም የተሣሉ ነበሩ። እኔ ከታች ሆኜ «ኧረ አባታችን ይተዉ፣ ዓይኗ ነው!» ብዬ ስጮህ፣ እርስዎ «አንተ ጄቤዝ፣ የመብራት ጥላሸት ነው፤ ባይሆን ኖሮ ይለቅ ነበር?» ብለው አስተማሩኝ። የተማረ ሰው ዓይንን ከጥላሸት የሚለየው እንዲህ ነው ለካ፤ ከለቀቀ ጥላሸት ነው።

ሁለተኛ፣ ያ ፊት የእህቴ የቲርዛ ነበር። መስኮቱ ሲሠራ ከለንደን የመጣው ሠዓሊ ቤታችን አርፎ፣ ድንች ስትልጥ አይቶ ሣላት። በዚያው የብርድ ወራት የጉሮሮ በሽታ ገደላት። ፎቶግራፍ ያን ጊዜ የጌቶች ነገር ነበርና በዚህ ዓለም ላይ የቀረን መልኳ ያ ብቻ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የተመላለስኩት ስብከት ለመስማት መስሎዎት ከነበረ፣ ስላታለልኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሦስተኛውን ወይዘሮ ዶርካስ «ይህንንስ ቢገድሉኝ አልጽፍም» ብላለች።

አራተኛ፣ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ባርኔጣዎን እንኳ ሳያወልቁ «ግድ የለህም፣ አዲስ ፊት እናሥልበታለን፤ ለመሆኑ ምን ትመስል ነበር?» ብለው ስለጠየቁኝ ደግነትዎን አልረሳውም። ያን ጊዜ መልኳን ልነግርዎት ፈልጌ አጣኋት። ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣው የታጠበችው ናት። ከመስታወቱ ላይ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ከእኔም ውስጥ ፍቀው አንሥተዋታል።

ስለዚህ ትሕትናዬ በፈቀደልኝ መጠን እለምንዎታለሁ፤ በዚያ ባዶ መስታወት ላይ የማንንም ልጅ ፊት አያሥሉበት። እንዳለ ይቆይ። ከሥሩ ግን ስምዎን ያስጽፉበት፤ ሥራው የእርስዎ ነውና።

ብሩሽ ለጨበጠው ቀኝ እጅዎ ዕረፍትን፣ ለእርስዎም እጅግ ሩቅ የሆነ ደብርን ከልቤ የምመኝ፣

ጄቤዝ ገርሊንግ
(ፊርማዬ ይህች ምልክት ናት፦ X)

ማስታወሻ፦ ጳጳሱ ለጉብኝት መጥተው «ቤተ ክርስቲያናችሁ እንዴት ያለ ብርሃን ገባበት!» ብለው አሞገሱዎት አሉ። እውነታቸውን ነው። በባዶው በኩል የሚገባው ፀሐይ፣ ሊሰብኩ ሲቆሙ ቀጥ ብሎ ፊትዎ ላይ ያርፋል። አሁን ሁላችንም ደኅና አድርገን አይተንዎታል። ጨለማው ይሻልዎት ነበር።