በብርድ ልብስ ላይ ቀይ ባሕርን ያሳዩን አባት

አቶ ሰይፈሥላሴ ኃይለኢየሱስ ከአባታቸው ከቄስ ኃይለኢየሱስ ወልደአረጋይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሐና ማኅደረማርያም ጥር 12 ቀን 1944 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው፣ ዘመናዊ ትምህርት ደብረ ብርሃን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ።

በ1963 ዓ.ም. ባሕር ኃይል ገብተው ምጽዋ ላይ የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኑ። ባሕር አይተው የማያውቁት ደገኛ፣ የምሥራቁና የምዕራቡ ኃያላን መርከቦች ሲተላለፉ መልእክታቸውን እያዳመጡ ሃያ ዓመት ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. ወይዘሮ ሸዋወርቅ ታደለን አግብተው ልጃቸውን ሰርካለምን ወለዱ። ሰርካለም አንኮበር ሆና ታማሚ አያቷን ስትረዳ ስላደገች ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ይህ ዕድሜ ልካቸውን ይቆጫቸው ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ተመልሰው ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ በጥበቃ ሠሩ፤ በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከባሕሩ ግን አልወጡም። ጠረጴዛቸው ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ አንጥፈው ቀይ ባሕርንና አፍሪካን በጠመኔ ሣሉ። ባቄላው የጦር መርከብ፣ ሽምብራው የጭነት መርከብ ሆነ። ታላላቆቹ መንግሥታት ጅቡቲ ላይ ጎን ለጎን የሰፈሩት ባብ ኤል መንደብ ስለሚባለው ጠባብ በር መሆኑን ለጎረቤት ሁሉ ያስረዱ ነበር። የቀድሞው ታንከኛ አቶ ወልደኪዳን “ጋሼ፣ መርከብ ተራራ አይወጣም!” ሲሏቸው፣ “ታንክህ የሚጠጣው ነዳጅ በምን መጣ?” ይሏቸው ነበር።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዚያ በር የሚያልፉ መርከቦች በሚሳኤል ይመቱ ጀመር። የሰርካለም ልጅ ይሁኔ የጭነት መርከብ ላይ ይሠራል። እናቱን እህል አልወርድ አላት። አባቷ የልጁን መልእክት ከስልካቸው አንብበው፣ “አይዞሽ፣ በደቡብ አፍሪካ ዞሮ ነው የሚሄደው” ብለው ሽምብራዋን ወደ ደቡብ ገፉ።

ሰርካለም የጎልማሶች ትምህርት በድብቅ መጀመሯን አላወቁም። ስልኩን ቻርጅ ልታደርግ አንስታ ፊደል በፊደል አነበበች፦ “አባባ፣ ሐሙስ በባብ ኤል መንደብ እናልፋለን። ለእማዬ እንዳይነግሯት።” አባቷ በእሷ ጭንቀት እንዳይጨነቁ ብላ ማንበቧን ደበቀች። አራት ቀን ሙሉ ሁለቱም ደቡብ አፍሪካ ያለችውን ሽምብራ እያዩ “ደህና እየሄደ ነው” ተባባሉ፤ ለየብቻቸውም ለኪዳነ ምሕረት ስለት ተሳሉ።

ዓርብ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ሰርካለም ቀድማ አነሳችና “በሰላም አለፍን!” ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። አባቷ ክው አሉ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። “ሃያ ዓመት የሰው መልእክት ሳዳምጥ ኖሬ፣ የገዛ ልጄ የእኔን ጠለፈችብኝ!” አሉ። ያንኑ ቀን ጠመኔውን ሰጥተው የአገሮቹን ስም በብርድ ልብሱ ላይ አስጻፏት። ይህንንም ታሪክ እሷ እንድትጽፍ አዘዙ፤ “ወልደኪዳን ከጻፈው ታንክ ያበዛበታል” ብለው።

አቶ ሰይፈሥላሴ ከሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ሕመማቸውን ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው በሕይወት አሉ። ይሁኔ ዛሬ ከመካከላችን የለም፤ አሁን በእርግጥ በደቡብ አፍሪካ እየዞረ ነው። መልእክቱን እናቱ አንብባ ሽምብራዋን ራሷ አንቀሳቅሳለች።

ልጃችንን በዚያ በር ያሳለፈ አምላክ የአባታችንንም ነፍስ በሰላም ያሳልፍልን፤ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።