ዘጠኝ ሰዓት ስለምትፈጀው የሁለት ቀን መንገድ

ለተከበሩ የአየር መንገዱ የበረራ ሰሌዳ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ያለ ዕረፍት ለሚያገለግልዎት ለዚያ የግድግዳ ካርታ ፍጹም ጤና እመኛለሁ። እኔ ከቲኬት ቢሮዎ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቅ የልብስ ስፌት መኪና የምጠግን፣ ሩቅ አገር የምትሠራ የአንዲት ነርስ አባት ነኝ።

የባለቤቴን ዓይን ሞራ ስለጋረደው ሐኪሙ ለሰኞ ቀዶ ሕክምና ቀጥሯት ነበር። እሷም የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የምታየው የልጇን ፊት እንዲሆን። እኔም ቢሮዎ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አይቼ፣ ከአየር ማረፊያ እስከ አየር ማረፊያ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ለልጄ በስልክ አነበብኩላት። እሷም በዚያው ልክ አስልታ አለቃዋን ፈቃድ ለምና ተነሣች። ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ርቀቱ አንዳች እንከን የለበትም። ካርታው ላይ ማስመሪያ ተጋድሞ የተለካ መሆኑን ጸሐፊዎ በኩራት ገልጸውልኛል። አውሮፕላኑ ግን ማስመሪያውን ሳያማክር ወደ ጎን ታጥፎ ሌላ አገር አረፈ። ለዚህ ነጻ ጉብኝት ልጄ ታመሰግናለች፤ ያየችው የመጠበቂያ አዳራሹን ምንጣፍ ብቻ ቢሆንም።

፪ኛ. እዚያም አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ሙሉ ሁለተኛውን አውሮፕላን ጠበቀች። ይህ ሰሌዳው ላይ ለምን እንዳልሠፈረ ስጠይቅ፣ ትሑቱ ጸሐፊዎ የሚቆጠረው አየር ላይ ያለው ሰዓት እንደሆነ፣ ምድር ላይ የሚያልፈው ግን የተሳፋሪው የግል ጉዳይ መሆኑን አስረዱኝ። እኔ የደንበኛን መኪና ሳምንት ሙሉ አስቀምጬ፣ ብሎን ያጠበቅሁባትን ደቂቃ ብቻ ብቆጥር ኖሮ ሱቄ እስከ ዛሬ ባልቆየች ነበር።

፫ኛ. መመለሻውም እንደ መምጫው ሁለት ቀን የሚፈጅ ነው። ልጄ ሰኞ የእናቷን እጅ ይዛ ዋለች፤ ፋሻው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሲፈታ ግን፣ ሥራዋ ላይ በጊዜ ለመድረስ ጎህ ሲቀድ ተሳፍራ ሄዳ ነበር። ስለዚህ ባለቤቴ ዓይኗ ሲገለጥ ያየችው የእኔን ፊት ነው። አርባ ዓመት ስላየችው ብዙም አልተደነቀችበትም። ቀጥላ ልጅቱ ከስታ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ስለሆነም ከዘጠኝ ሰዓቱ ጎን፣ ሰው ምድር ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቀው ጊዜ አንዲት ጠባብ መስመር እንዲፈቅዱ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ቀለም ካነሰ እኔ አዋጣለሁ።

ማስመሪያዎን ከልብ የማደንቅ፣
ዕድሜዬን ምድር ላይ የምፈጅ፣
የስፌት መኪና ጠጋኙ ጎረቤትዎ

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ እሑድ ምሳ ልትጋብዝዎት ትወዳለች። ከቢሮዎ እስከ ቤታችን አምስት ደቂቃ ነው። በሩ እስኪከፈት ደጃፍ ላይ የሚቆሙበትን ጊዜ አልጨመርነውም፤ እሱ የእርስዎ የግል ጉዳይ ነው። ባለቤቴ ግን በመስኮት እያየችዎት ትቆያለች፤ ዓይኗ አሁን በጣም ደህና ነው።