አክሊሏን የቀማሁበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ቢቸና

አልፈቅድም! ታናሽ እህቴ ሙሉ፣ ትምህርቷን ልታቆም ነው። ደብረ ማርቆስ የምትማረውን ነርስነት ልትጨርስ አንድ ዓመት ነው የቀራት። እናታችን ሞጣ ወድቃ ዳሌዋ ስለተሰበረ፣ «እኔ አስታምማታለሁ፣ እናንተ ኑሯችሁን ኑሩ» አለችኝ በስልክ። ድምፅዋ ላይ ደስታ ነበር። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ያን አሮጌ ልቦለድ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ታላቂቱ እህት ለቤተሰቧ ስትል ትዳሯንም ጤናዋንም ትታ የምትሞትበትን። ሙሉ ደጋግማ እያነበበች ታለቅስ ነበር።

ረቡዕ

ዛሬ ያንኑ መጽሐፍ ነው ያስተማርኩት። ልጆቹ ምልክቶቹን ለቃቀሙልኝ፤ ነጭ ነጠላዋ፣ እጇን የወጋት እሾህ፣ ቆርሳ ያካፈለችው የመጨረሻ እንጀራ፣ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት መሞቷ። ክርስቶስን ትመስላለች አሉ። ጎበዞች ናቸው።

«ወንድሞቿስ የት ነበሩ?» አልኳቸው። መጽሐፋቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። እኔም ከዚህ በፊት ጠይቄው አላውቅም። እረፍት ላይ ገልጬ አየሁት። ወንድሞቿ ያለቅሳሉ። በደንብ ያለቅሳሉ። አንድ ማሰሮ ውሃ የቀዳላት ግን የለም።

ሐሙስ

ዓርብንና ሰኞን ፈቃድ ጠየቅሁ። ርዕሰ መምህሩ ፊቱን አጠቆረብኝ። ያጥቁር።

ዓርብ፣ ሞጣ

እማዬ ከስታለች። ሙሉ ወገቧን ታጥቃ ትሯሯጣለች፤ መጻሕፍቷ ገና ከሻንጣ አልወጡም። ታላቅ ወንድማችን ጋሼ አበራ ሱቁ እዚሁ ሁለት በር አልፎ ነው። የሌላው ወንድማችን የደረጀም ሰፈር ሩቅ አይደለም። ሁለቱም ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፣ ሙሉን ይመርቃሉ፣ ይሄዳሉ። በጣም ተናድጃለሁ።

ቅዳሜ

የእማዬ የንስሐ አባት ሊጠይቋት መጡ። ጋሼ አበራ ጀመረ፤ «ሙሉ እኮ ጻድቅ ናት አባ። ራሷን ሠዋች።»

እኔ ወደ አባ ዞርኩ። «አባ፣ ብቻዎን ይቀድሳሉ?»

«በስመ አብ! ከአምስት ልዑካን ጎድሎማ አይቀደስም።»

«ሰሞንዎ ሲያልቅስ?»

«ለተረኛው አስረክባለሁ እንጂ።»

«እንግዲያው እኛም ሰሞነኞች እንሁን» አልኩ። አንድ ሳምንት ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ደረጀ፣ ደመወዜ ቢቆረጥም አንድ ሳምንት እኔ። ሙሉ ወደ ትምህርቷ።

ደረጀ አንገቱን ደፋ። ጋሼ ግን፣ «ወንድ ልጅ እንዴት እናቱን ያጥባል? ነውር አይደለም?» አለ። አባም መስቀላቸውን ማገላበጥ ያዙ። የተሸነፍኩ መሰለኝ።

እማዬ ከአልጋዋ ሆና፣ «አበራ፣ እኔ አንተን ሳጥብህ ነውር ነበር?» አለችው።

«እሺ፣ የመጀመሪያው ሳምንት የእኔ ይሁን» አለ ጋሼ።

እሑድ

ሙሉ አኩርፋለች። «አክሊሌን ቀማሽኝ» አለችኝ። እየቀለደች መስሎኝ ልስቅ ስል ዓይኗ እንባ ሞልቶታል። አቀፍኳት፣ ገፋችኝ። ቢሆንም ሻንጣዋን እኔው ተሸክሜ መናኸሪያ አደረስኳት። ሳትስመኝ ተሳፈረች።

ማክሰኞ፣ ቢቸና

ትናንት ማታ ገባሁ። ዛሬ እማዬ ደወለች። ጋሼ አበራ መጀመሪያ ውሃውን አፍልቶት ሊልጣት ነበር፤ አሁን እየለመደ ነው። ፀጉሯን ሲያበጥርላት ጎረቤት ገብቶ ቢያየውም፣ በሩን ሳይዘጋ ማበጠሩን ቀጠለ አለችኝ።

ሙሉ ስልክ አታነሳም። ጓደኛዋን ጠየቅሁ፤ «ክፍል ናት» አለችኝ።

ትጥላኝ። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ትጥላኝ።