ሶሬሳ፣ የሊሚ ሠርግ ቪዲዮ አለቀ

ውድ ሶሬሳ፣

የእህትህ የሊሚ ሠርግ ቪዲዮ አለቀ። ከሊሚ ሌላ ለማንም ከመናገሬ በፊት ላንተ ልጻፍልህ ብዬ ነው። ከቀበርንህ ወዲህ ቀጨኔ ያለው ቤታችን ጭር ብሏል፤ ኮምፒውተርህን የነካው ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ ታመህ እንኳ ካሜራህን ይዘህ ሸጎሌ ድረስ ሄደህ ቀረጽካት። ቆራርጠህ ጨርሰህ ወደ አንድ ፋይል ልታወጣው፣ ኤክስፖርት ልታደርገው ስትል ግን ኮምፒውተሩ ግማሽ ላይ ድርግም ይላል። "ፕሮሰሰሩ እየጋለ ነው" ብለህ ሙቀቱን እንዲያስተላልፍ ላዩ ላይ የሚቀባውን ፔስት ቀየርክ፤ አልሆነም። ከዚያ ጉልበትህ አለቀ።

ባለፈው ቅዳሜ ሊሚ መጣች። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ "ሉሊትዬ፣ ሠርጌን ለማየት አይደለም። ከካሜራው ጀርባ ሆኖ ሲያወራ ድምፁን ልስማው ብዬ ነው" አለችኝ። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ታክሲ ውስጥ ጭነን፣ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛህ አክሊል ጋ ወሰድነው።

አክሊል ጎኑን ከፍቶ አስነሳው። ጣቱን ወደ ማዘርቦርዱ አስጠጋና ወዲያው ሰበሰበው።

"ፕሮሰሰሩ ደህና ነው። የሚግለው አጠገቡ ያለው፣ ኃይል መጥኖ የሚሰጠው ክፍል ነው። የድሮው ፋን ለሱም ንፋስ ያደርስለት ነበር። ማነው በውሃ ማቀዝቀዣ የቀየረው?"

"ሶሬሳ ነው" አልኩት። ለምን እንደቀየርከው የማውቀው እኔ ነኝ። ሆስፒታል አዳር ሠርቼ መጥቼ ቀን ስተኛ፣ የፋኑ ጩኸት እንዳይቀሰቅሰኝ ብለህ ነበር። ለኔ እንቅልፍ ብለህ ነው ሥራህ እንደዚያ ያስቸገረህ። እዚያው ሱቁ ውስጥ አለቀስኩ። አክሊል አይቶ እንዳላየ ሆነልኝ።

በጋሉት ክፍሎች ላይ ትንንሽ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ለጠፈባቸው፤ አንድ ትንሽ ፋንም ወደነሱ አዙሮ አሰረ። ቪዲዮው እስከ መጨረሻው ወጣ።

ከሊሚ ጋር ተቀምጠን አየነው። "ቀና በይ እንጂ፣ ሙሽሪት!" ትላታለህ። መጨረሻው አካባቢ ሊሚ ካሜራውን ከእጅህ ነጥቃ ወዳንተ አዞረችው። ከስተሃል። ኮትህ ሰፍቶሃል። እየሳቅክ፣ "ተይ፣ እኔን ምን ያደርግልሻል? ሉሊትን ቅረጫት" ትላለህ።

በሠራኸው ቪዲዮ ሁሉ አንተ የታየህበትን ቆርጠህ ትጥል ነበር። ይህን ግን ተውከው።

ሊሚ እጄን ይዛ፣ "ረስቶት ይሆን?" አለችኝ።

"አውቆ ነው" አልኳት።

ሶሬሳዬ፣ ለካ ተሰናብተኸን ነበር፤ እኛ ነን ዘግይተን የሰማንህ። በሰላም እረፍ፣ ሆዴ።

ያንተዋ ሉሊት